በዱከም ሐዲድ ያለፈችው የቫዮሊን ተማሪ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የአንዲት ልጅ ነገር ላውጋችሁ። ታሪኩ ዱከም ላይ አይጀምርም፣ ዱከም ላይም አያልቅም። ግን በደጃችን አልፏል፤ ስለዚህ የእኛም ነው።

ዘመኑ የ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣው ባቡር አቃቂን አለፈ፤ የረርን በስተግራ እያየ ወደ ዱከም ወረደ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለነበር ባቡሩ ለአገሩ ገና እንግዳ ነበር። ጅቡቲ ለመግባት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ አንዱን ሌሊት አዋሽ፣ ሌላውን ድሬዳዋ ይታደራል። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሁለት እኅትማማቾች አሉ። ታላቂቱ ስንዱ ትባላለች። ታናሺቱ ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስሟ የውብዳር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፤ ራሳቸውም በወጣትነታቸው አውሮፓ የተማሩ ሰው። ሴት ልጅ ባሕር ተሻግራ ትማር ማለት በዚያ ዘመን ትልቅ ድፍረት ነበር፤ ከንቲባው ግን ሁለቱንም ወደ ስዊዘርላንድ ላኩ።

በዚያ ቀን ዱከም ላይ ባቡሩን ቆሞ ያየ ሰው ኖሮ ይሆናል። በውስጡ ማን እንዳለ ግን የነገረው የለም።

ልጅቱ ስዊዘርላንድ ደረሰች፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ቫዮሊን አስያዟት፤ ቆየት ብሎ ፒያኖ ተጨመረላት። አሥር ዓመት ሲሞላት ሰው ፊት ቆማ ቫዮሊን ተጫወተች።

አሁን ታሪኩን ትንሽ ልግታውና ለትንሽ ልጅ ቫዮሊን ማስያዝ ምን ማለት እንደሆነ በቅርበት ላሳያችሁ። ይህን ካላያችሁ የኋላው ነገር አይገባችሁም።

መጀመሪያ መሣሪያው በልክ ይሰጣል። ቫዮሊን እንደ ጫማ ቁጥር አለው፤ ከሙሉው መጠን ወደ ሦስት አራተኛ፣ ወደ ግማሽ፣ ወደ ሩብ፣ ከዚያም በታች ይወርዳል። ልጁ ግራ እጁን ዘርግቶ፣ መሣሪያው አገጩ ሥር ገብቶ፣ ጫፉ መዳፉ ላይ በምቾት ከደረሰ ልኩ ነው። ከዚያ ደጋኑ ይመጣል። ደጋኑ ላይ ከ150 በላይ የፈረስ ጭራ ተወጥሯል፤ ጭራው ሙጫ ካልተቀባ ክሩን ነክቶ ያልፋል እንጂ ድምፅ አያወጣም። መሰንቆ ተጫዋቾቻችንም ደጋናቸውን ዕጣን የሚቀቡት ለዚሁ ነው። የቀኝ እጅ አውራ ጣት ጎበጥ ብሎ ከሥር ይገባል፤ ትንሿ ጣት ከላይ ቁጭ ትላለች። ልጁ ፈርቶ ከጨበጠ ድምፁ ይፈጫል። ከለቀቀ ደግሞ ደጋኑ እየዘለለ ይሄዳል። መምህሩ ጎንበስ ብሎ ያቺን አውራ ጣት በገዛ ጣቱ ያጎብጣታል። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ያጎብጣታል። ወር ሙሉ ስለ አንዲት አውራ ጣት ሊሆን ይችላል።

ግራ እጅ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጊታር ላይ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ብረት አለ። ቫዮሊን ላይ ምንም የለም፤ ጥቁር ለስላሳ እንጨት ብቻ ነው። ጣት በስንዴ ቅንጣት ያህል ብትስት ድምፁ ይሳሳታል። ተማሪው ደግሞ ስህተቱን አይሰማም፤ ጆሮው ገና አልተቃኘም። መሳሳቱን የሚነግረው ሌላ ጆሮ እዚያው ክፍል ውስጥ መኖር አለበት። ቫዮሊን ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ሰው ለሰው የሚተላለፈው በዚህ ምክንያት ነው። የሞዛርት አባት ሊዮፖልድ ሞዛርት በ1756 እ.ኤ.አ. አንድ ሙሉ የቫዮሊን መማሪያ መጽሐፍ አሳትሟል፤ መጽሐፉ አውሮፓን አዳረሰ። ሆኖም የራሱን ልጅ ሙዚቃ ያስተማረው ቤቱ ውስጥ፣ አጠገቡ ቆሞ ነው።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1933 የውብዳር ወደ አገሯ ተመለሰች። እንደገና ጅቡቲ፣ እንደገና ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ አዳማ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ ዱከም። ስትሄድ የማታውቀውን ቫዮሊን ስትመለስ ተምራው አለፈች። እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ገባች። ብዙም ሳይቆይ ጣልያን መጣ። በ1929 ዓ.ም. እሷና ቤተሰቧ በጦር ምርኮኝነት ተይዘው ባሕር ተሻገሩ፤ መጀመሪያ አዚናራ ወደምትባል ደሴት፣ ቀጥሎም ኔፕልስ አጠገብ ወዳለችው ሜርኮሊያኖ ተጋዙ። ስለዚያ ግዞት ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ቫዮሊኑን ተከትዬ ነውና የምሄደው እዚህ ላይ አልቆይም።

ከድል በኋላ የውብዳር ሙዚቃዋን ፈለገች። የጀመረችውን ከፍ አድርጎ የሚያስተምራት ሰው አዲስ አበባ አላገኘችም። ካይሮ ሄደች። እዚያ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን ሊቅ አለ፤ ከእሱ ዘንድ ተማሪ ሆነች።

አሁን ልብ በሉ። በቀን አምስት ሰዓት ቫዮሊን ትለማመዳለች። አራት ሰዓት ደግሞ ፒያኖ። ዘጠኝ ሰዓት! በካይሮ ሙቀት ውስጥ፣ ደጋኑ በላብ እየተንሸራተተ፣ አንገት ሥር መሣሪያው እየቆረቆረ፣ የግራ እጅ ጣቶች ጫፍ እስኪጠነክር። ሥራው የእሷ ነው፤ ዘጠኙን ሰዓት መምህር ሊሠራላት አይችልም። መምህሩ የሚሰጣት ዘጠኙ ሰዓት በከንቱ እንዳይሄድ ነው። ያለ መምህር ስህተትን በቀን አምስት ሰዓት የተለማመደ ሰው ስህተቱን አጥብቆ ይማረዋል፤ ኋላም ለማስለቀቅ ዓመታት ይፈጅበታል። ይህን ቫዮሊን የያዘ ሁሉ ያውቀዋል።

ሰውነቷ የካይሮን ሙቀት አልቻለም። ታመመች፤ ወደ ደጋ አገሯ መመለስ ግድ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ። መምህሩ አብሯት መጣ! ኮንቶሮቪች ከተማሪው ጋር አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱም የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል መሪ አድርገው ሾሙት፤ የውብዳርም በዚያው መሥሪያ ቤት በአስተዳደር ረዳትነት ሠራች። አንዲት ተማሪ ለራሷ የፈለገችው መምህር ለአገር ተረፈ። ኋላ ጥላሁን ገሠሠ ድምፁን ያሰማበት ያ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ከመነሻው ካነፁት እጆች አንዱ የካይሮው የግል መምህር እጅ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለንደን ሄዳ ሙዚቃ የምታጠናበት ዕድል ተገኝቶ ነበር፤ ፈቃድ ተከለከለች። ኀዘኑ ጠናባት፤ እህል እስከ መተው አደረሳት። ከዚያ ወደ እግዚአብሔር ዞረች። ወሎ ግሸን ማርያም ገብታ መነኰሰች፤ ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግር፣ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ ኖረች። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ እሷ አልላቸውም፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው።

እማሆይ ኋላ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። እዚያ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ፤ ደጅ ላይ የሚያድሩ፣ እየለመኑ ዜማ የሚማሩ ልጆች። ልባቸው ተነካ። ሙዚቃቸውን ችግረኛ ለመርዳት ላውለው ያሉት ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያው የፒያኖ ሸክላቸው ገቢ ለተቸገሩ ልጆች ዋለ።

የጎንደሩ ነገር ለኔ ሌላም ትርጉም አለው። የዜማ ተማሪ የኔታ ፊት ተራውን ጠብቆ ይቀርባል። ብቻውን ያዜማል፤ የኔታ ይሰማሉ። አንዲት ምልክት ብትዘለል እዚያው ላይ ያቆሙታል፤ እንደገና፤ እንደገና። የዜማው መጽሐፍ ድጓ በቤተልሔም ጉባኤ ቤት የሚመሰከረው በዚህ መንገድ ለዓመታት ከተቀጸለ በኋላ ነው። እማሆይ በካይሮ ከኮንቶሮቪች፣ በጎንደር ከመሪጌቶች ያገኙት ትምህርት አሰጣጡ አንድ ነው፦ አንድ መምህር፣ አንድ ተማሪ፣ ሁለት ጆሮ። ይህን ሥርዓት ከፈረንጅ አልተዋስነውም። መሰንቆም ከአባት ወደ ልጅ እንዲሁ ነው የወረደው። ስለዚህ «ቫዮሊን ለኛ ባዕድ ነው» የሚለኝን ሰው አልቀበለውም። የኛ መሰንቆ አንድ ክር ነው፣ የእነሱ አራት፤ ሁለቱም ግን በፈረስ ጭራ ይፋተጋሉ፣ በሁለቱም ላይ ጣት ቦታውን የሚያገኘው በጆሮ ነው።

እማሆይ ኋላ ኢየሩሳሌም ኖሩ፤ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖ ነው። መነሻቸው ግን ቫዮሊን ነበር፤ ይህንን ነው ለዱከም ልጆች መንገር የምፈልገው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንግባ። ዱከም ዛሬ ከአዲስ አበባ አርባ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ላይ ናት። ሰው የሚያውቃት በቁርጥ ቤቶቿና በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎቿ ነው። ከፋብሪካው ጋር ሰው መጣ፣ ከሰው ጋር ልጆች መጡ። ከልጆቹ መካከል ስልክ ላይ ቫዮሊን አይቶ «እኔም» የሚል አይጠፋም። አባትና እናት ምን ያድርጉ?

ብዙ ሰው የሚጀምረው መሣሪያ በመግዛት ነው። እኔ የምመክረው መምህር በመፈለግ መጀመር ነው። ርካሽ የሚያብረቀርቅ ቫዮሊን ገበያ ላይ አለ፤ መቃኛዎቹ ይንሸራተታሉ፤ ክሮቹን ተሸክማ የምትቆመው ቀጭን እንጨት በማይሆን ከፍታ ትሠራና የልጁ ጣት ክሩን መጫን ያቅተዋል። ልጁ «አልችልም» ብሎ ይተዋል፤ ያልቻለው ግን መሣሪያው ነው። መምህር ካለ አብሮ ሄዶ ይመርጣል፤ ያቺን እንጨትም ልክ ያስይዛል። ይህች እንጨት በሙጫ አልተጣበቀችም፤ ክሮቹ ተጭነዋት ብቻ ነው የምትቆመው። አራቱንም ክር በአንድ ጊዜ ያላላ ሰው ትወድቅበታለች።

መምህር ከየት ይመጣል? አዲስ አበባ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ነበሩ፤ አሜሪካ ሙዚቃ አጥንተው የተመለሱ፣ «እረኛው ዋሽንተኛ» የተባለውን የኦርኬስትራ ሥራ የደረሱ። እዚያ ተማሪው ከውጭው መሣሪያ ጎን ለጎን የአገር መሣሪያም ይማራል። ከያሬድ የወጡ ቫዮሊን ተጫዋቾች በአዲስ አበባ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ወይም በገዛ ቤታቸው ተማሪ እየተቀበሉ ያስተምራሉ። ኑሯቸውም በዚሁ ነው። እስከ ዱከም ግን የሚያመጣቸው ያስፈልጋል፤ ወይ ልጁ ቅዳሜ ጠዋት ከእናቱ ጋር ሚኒባስ ይሳፈራል፣ ወይ መምህሩ ከቃሊቲ ይመጣል።

ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ለአንድ ልጅ ብቻ ቢመጣ አያዋጣውም፤ አራት አምስት ቤተሰብ ተስማምቶ ቅዳሜን ቢሰጠው ግን ያዋጣዋል። ልጆቹ በአንድ ቤት ተራ በተራ ይገባሉ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ግማሽ ሰዓት። ሁሉንም በአንድ ላይ ደርድሮ ማስተማር ለመጀመሪያው ዓመት አይበጅም፤ አምስት ደጋን በአንድ ጊዜ ሲፋተግ የትኛው ጣት እንደሳተ ማን ይለያል?

ከወላጆች አንዱ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ። ይህን የምለው ለልጁ ደኅንነትም ለትምህርቱም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1998 የኖረው ጃፓናዊው መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ ልጆች ሙዚቃን የእናታቸውን ቋንቋ በሚለምዱበት መንገድ መልመድ ይችላሉ ብሎ አስተማረ፤ ወላጁም ትምህርቱ ላይ እንዲገኝ፣ ቤት ውስጥም የመምህሩ ረዳት እንዲሆን አደረገ። ሳምንቱን ሙሉ ከልጁ ጋር ያለው ወላጅ ነው። መምህሩ ቅዳሜ ያጎበጣት አውራ ጣት ማክሰኞ ቀጥ ስትል የሚያየው እሱ ነው። ወላጁ ኖታ ማንበብ አይጠበቅበትም፤ ጣቷን ካየ ይበቃል።

ልምምዱ አጭር ይሁን፤ ግን በየቀኑ። ለትንሽ ልጅ ሩብ ሰዓት በቂ ነው። ሳምንቱን ተኝቶ ዐርብ ማታ ሁለት ሰዓት መፋተግ ከእጁ ይልቅ ጎረቤትን ያደክማል። የእማሆይን ዘጠኝ ሰዓት የነገርኳችሁ ልጆቻችሁን በዚያ ልታስፈራሩ አይደለም፤ እሳቸው ያን ጊዜ ዐዋቂ ነበሩ፣ መንገዱንም ራሳቸው መርጠውት ነበር።

የመጀመሪያው ዜማ ምን ይሁን? ብዙ መምህራን በውጭ የሕፃናት ዜማ ይጀምራሉ፤ ክፉ አይደለም። እኔ ግን ትዝታን እመርጣለሁ፤ ልጁ ከእንቅልፉ ሲነቃ ጀምሮ ሲሰማው ያደገው ቅኝት ነው፤ ጆሮው ስህተቱን ይይዛል። ለቫዮሊንም ይመቻል። አራቱ ክሮች ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ናቸው። ሬን ባዶውን ይምታ፤ አንደኛ ጣቱን ያሳርፍ፤ ሁለተኛውን ይጨምር። ከዚያ ወደ ላ ክር ይለፍ፤ ባዶውን፤ አንደኛ ጣት፤ በሦስተኛው ጣት ላይኛው ሬ ላይ ይደርሳል። ትዝታ ከነሙሉ አካሉ ያለው በነዚህ ሁለት ክሮች ላይ ነው። ይህን ካወቀ በኋላ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ይመጣሉ፤ እዚያ አንደኛው ጣት ወደ መቃኛው ግማሽ ድምፅ ያህል መሳብ አለበት፤ ይህም ጣትንም ጆሮንም ይፈትናል። ባቲ የራሱ ቦታ አለው። በአራቱ ቅኝት ያለፈ ልጅ የሌላውን ዓለም ሙዚቃ ኖታ ዘርግቶ ሲያነብ አይደነግጥም።

የመሣሪያው ጤናም አለ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል፣ መቃኛው ይላላል፤ በክረምት ደግሞ ያብጥና አልዞር ይላል። ቫዮሊኑን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትስቀሉት፤ በተቆለፈ መኪና ውስጥም አትተዉት፤ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። ዱከም ከሞጆና ከአዳማ ቀዝቀዝ ትላለች፤ በዚህ በኩል ታድለናል።

ስለ ክፍያ ልናገርና ላብቃ። የግል መምህር ደመወዝ የሚቆርጥለት መሥሪያ ቤት የለውም። ልጁ ስላልመጣ ብቻ የቀረ ቅዳሜ ለመምህሩ የጠፋ እንጀራ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ መጥቷልና። ስለዚህ የወሩ ከመጀመሪያው ይከፈል፤ የቀረ ቀን እንዴት እንደሚካካስም አስቀድሞ ይነገር። መምህሩም በሰዓቱ ይገኝ፣ የጀመረውን ልጅ መሐል ላይ ጥሎ አይሂድ። ልጁ ሁለተኛውን ዓመት ከተሻገረ መሣሪያው የእሱ ይሆናል፤ የሚጎዳው መምህር በየሦስት ወሩ ሲቀያየር ነው።

የዱከም ሆቴል ባለቤቶች ሆይ፤ ቅዳሜ ረፋድ ባዶውን የሚውል አዳራሽ ካላችሁ ለልጆቹ ክፈቱላቸው። ወላጆች፤ አራት አምስት ሁኑና ተነጋገሩ፤ መሣሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት መምህሩን ያዙ። ከያሬድ ቫዮሊን ተምራችሁ የወጣችሁም፤ ሳምንታችሁን ሁሉ ለአዲስ አበባ አትስጡት። ከቃሊቲ ዱከም ሩቅ አይደለም፤ ቅዳሜን ለእኛ አድርጉልን።